ዝንጅብል በብልቃጥ

የእኛ ቤት ሙቀጫ አበባ ተተከለበት። አዎ፣ የሰማችሁት ልክ ነው። ምራቴ ከጓዳ ጎትታ አወጣችው፤ አጠበችው፤ አፈር ሞላችው፤ በረንዳ ላይ አስቀምጣ ቅጠሉ የተንጨፈረረ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው የፈረንጅ አበባ ተከለችበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ውይ ሲያምር!» ይላታል፤ እሷም ደስ ይላታል። ዘነዘናውን ደግሞ የልጅ ልጄ በር እንዳይዘጋበት ያስደግፍበታል። ወገኖቼ፣ እናንተ በእኔ ዕድሜ ያላችሁ፣ ጥርሳችሁ ሳስቶ ትዝታችሁ የበረከተ፣ እስቲ ፍረዱኝ፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥበት መንደሩን ሁሉ ሲያስነጥስ የኖረ ሙቀጫ መጨረሻው ይኼ ነው?

ያኔ ሙቀጫ ወሬ ነጋሪ ነበር። ማለዳ ከየቤቱ ዱም ዱም ሲል ማን ቤት ምን እንዳለ ይታወቃል። ቶሎ ቶሎ ካለ ቡና ነው። ረጋ ብሎ ከከበደ በርበሬ ነው። ቆም እያለ፣ እርጥብ እርጥብ የሚል ድምፅ ካሰማ ዝንጅብል ነውና እዚያ ቤት የታመመ ሰው አለ፤ ጎረቤት ነጠላውን ጣል አድርጎ «ምን ሆናችሁ ነው?» ብሎ ይመጣል። ዛሬ መፍጫው ዥርርር ብሎ ጆሮ ሲበጥስ ማን ይመጣል? ቢመጣም «እባካችሁ ልጅ ተኝቷል» ሊል ነው። እናቴ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ስትወቅጥ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ድምፁን እየሰማሁ እንቅልፌን እደግመው ነበር። ሥራ የሚከበርበት ዘመን ነበር። የአሁን ሰው ሰነፍ ነው።

ደግሞ ማንም አይታመምም ነበር። ሆድ ከቆረጠ ዝንጅብል በጨው ይታኘካል፤ ሆድ ከነፋ ኮረሪማ ተፈልቅቆ ፍሬው ይቆረጠማል፤ ጉንፋን ከያዘ ዝንጅብል ፈልቶ ማር ይጨመርበታል፤ አለቀ። ሐኪም ቤት የሚባል ነገር አናውቅም። የቀረበውም የሁለት ቀን መንገድ ነበር። ከእናቴ ልጆች መካከል ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረስነው ሁላችንም ጤነኞች ነን።

የልጅ ልጄ ፋርማሲ ይማራል። ዝንጅብል፣ እርድ፣ ኮረሪማና ሄል የአንድ ቤተሰብ ዕፀዋት ናቸው ብሎ አንድ ምሽት ሙሉ አስተማረኝ። ከዝንጅብልና ከእርድ የምንበላው ሥር የሚመስለውን፣ ግን መሬት ውስጥ የተጋደመ ግንድ የሆነውን ነው፤ ከኮረሪማና ከሄል ደግሞ ፍሬውን ነው አለኝ። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ክፍያ የምንከፍለው? እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ዘመድ መሆናቸውን ታውቅ ነበር፤ እርዱንም ዝንጅብሉንም ኮረሪማውንም የምታኖራቸው በአንድ ቅርጫት ነበራ! እርግጥ ነው ቅርጫቱ ውስጥ ሻማና መርፌም ነበረበት።

ባለፈው ጉንፋን ጣለኝና «ዝንጅብል አፍልታችሁ አምጡልኝ» አልኩ። ምን ቢመጣልኝ ጥሩ ነው? ክር የታሰረለት የወረቀት ከረጢት፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ! ማሸጊያው ላይ የዝንጅብል ሥዕል አለ፤ ውኃው ውስጥ ግን የዝንጅብል ወሬም የለ። ጠጣሁት፤ ጉሮሮዬ ምንም አላለም። የድሮው ዝንጅብል እኮ ገና ሲቀዳ ዓይን ያስለቅሳል፤ ሁለቴ ፉት ሲሉት ግንባር ያልባል፤ አፍንጫ ይከፈታል፤ ከዚያ በጋቢ ተጠቅልሎ መተኛት ነው። በሳምንቱ ድነህ ትነሣለህ። ይኼ የከረጢቱ ግን ሰባት ቀን ፈጀብኝ።

አዝኖልኝ የልጅ ልጄ ካፌ ወሰደኝ። አስተናጋጁ ጺሙን የተቀረጸ ጎረምሳ ነው፤ አንቱታውን ከየት እንደተማረው እንጃ፣ «ፋዘር፣ ዝንጅብል ሾት ይሞክሩ፤ ለኢሙኒቲ አሪፍ ነው» አለኝ። ፋዘር! ከመቼ ወዲህ ነው እኔ ፋዘር የሆንኩት? የመጣልኝ የአረቄ መለኪያ የምታህል ብልቃጥ ነች። ውስጧ ዝንጅብል፣ ሎሚና ማር፣ አናቷ ላይ ብን ያለ እርድ። ሒሳቡን ሳይ በዚያ ገንዘብ ሾላ ገበያ ስንት ዝንጅብል ተሸክሜ እንደምመጣ አስቤ ደሜ ፈላ። አንዷን ጨለጥኳት። በእውነት የሚያቃጥል መሆኑን ለማጣራት ሌላ አስደገምኩ። ብዝበዛ ነው፤ ይኼን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ማክሰኞም ስሄድ ደግሜ እነግረዋለሁ።

ደግሞ አጠገባችን የተቀመጠች ልጅ ቢጫ ወተት ታዛለች። ወርቃማ ላቴ ይሉታል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ እርድ በወተት! እርድ እኮ የአልጫ ነው፤ ለድንች፣ ለአተር ክክ፣ ለጥቅል ጎመን። ልጅቷ በፎቶ አንሥታ፣ አዙራ አንሥታ፣ ማንኪያውን አስተካክላ እንደገና አንሥታ፣ ቀዝቅዞ ጠጣችው። በእኛ ጊዜ ምግብ ሲቀርብ ቢስሚላህ ወይም በስመ አብ ነበር የሚባለው፤ አሁን ፎቶ ነው።

ይኼ ስልክ ትውልዱን ገደለው። ትናንት እንኳ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በስልኬ አንድ ቪዲዮ ሳይ፣ አንዱ ሐኪም ምን አለ መሰላችሁ? እርድ ብቻውን ሲዋጥ ሰውነት ብዙም አይቀበለውም፤ ጉበት ፈጥኖ ያስወግደዋል። ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ1998 ኩርኩሚን የሚባለውን የእርድ ቢጫ ንጥረ ነገር ከቁንዶ በርበሬ ፒፔሪን ጋር ለሰው ሰጥተው ሲያዩ፣ ወደ ደም የሚገባው መጠን በ2,000 በመቶ ጨመረ። ቅባት ሲኖርም ይሻለዋል። ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሣሁ! እናቴ ቅቤ ስታነጥር ምን ነበር የምትጨምረው? እርድ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ አብሽ። አልጫው ላይስ? እርዱንም ቅቤውንም ቁንዶ በርበሬውንም። ሰዎቹ ቤተ ሙከራ ገብተው፣ ደም ቀድተው፣ ማሽን አስነሥተው የደረሱበት የእኛ ጓዳ ነው። የልጅ ልጄን ቀስቅሼ ነገርኩት። «አባባ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ኬሚስቶች የተሠሩትን ጥናቶች ገምግመው ኩርኩሚን ጥብቅ ቁጥጥር በተደረገበት የሰው ሙከራ አንድም ሕመም ማዳኑ አልተረጋገጠም ብለዋል፤ ተኛ» አለኝ። ተኛ! አያቱን! ያልሠራላቸው ያለ ወጥ ስለሰጡት ነው አልኩት፤ ብርድ ልብሱን ራሱ ላይ ሳበ።

ጥናት የሚባለውንም እኔ ከቁም ነገር አልቆጥረውም። የድሮ ሰው በጥናት አይደለም የኖረው። ብቻ ላንሴት የሚባል የእንግሊዞች የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣውን ስሙልኝ። ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ መንገድ ያዞረናል የሚሉ ተማሪዎችን ሰብስበው፣ ዓይናቸውን ሸፍነው፣ የሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀምጠው አዞሯቸው። ለከፊሎቹ የማቅለሽለሽ ክኒን፣ ለከፊሎቹ የዝንጅብል ዱቄት ሰጧቸው። ወንበሩ ላይ የቆየው ማን ነው? ዝንጅብል የዋጠው! ይኼን ለማወቅ የሰው ልጅ ማሽከርከር ያስፈልግ ነበር? አባይ በረሃን በአውቶቡስ ወርዶ የወጣ ሰው ቢጠይቁ ይነግራቸው ነበር። ያ ጠመዝማዛ፣ ያ ሙቀት፣ ያ የናፍጣ ሽታ! ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ከመቀነታቸው ቋጠሮ ፈተው ደረቅ ዝንጅብል በጥርሳቸው እየሰበሩ ለመንገደኛው ሁሉ ያድሉ ነበር። «እንካ የኔ ልጅ፣ አላምጠው፣ አትዋጠው» ብለው ለእኔም ሰጡኝ። ጭረት ጭረቱ ጥርስ ውስጥ ይቀራል፤ መጀመሪያ አቧራ አቧራ ይላል፣ ቀጥሎ ምላስን ቆንጠጥ ያደርግና ሙቀቱ ወደ ደረት ይወርዳል። ከዚያ አውቶቡስ ማንም አላስመለሰም፤ ከረዳቱ፣ ከሁለት ወታደሮችና ከእኔ በቀር። አሁን ግን ገና መኪናው ሳይነሣ ፌስታል ያድሉሃል። እምነት የለማ!

ደረቁ ከእርጥቡ ለምን እንደሚያይል ደግሞ የልጅ ልጄ አስረዳኝ። እርጥቡ ውስጥ ጂንጀሮል የሚባል ነገር አለ፤ ሲደርቅ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ይፋጃል። ሾጋኦል! ስሙ ራሱ ያሳምማል። እናቴ ስም ሳትሰጠው ነው የተጠቀመችበት።

አሜሪካኖች ደግሞ ባሰባቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሚሲሲፒ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሁለት ሰዎች እርድ ለቁስል እንደሚበጅ እኛ ነን ያገኘነው ብለው የፈጠራ መብት አስመዘገቡበት። እርድን! የሕንድ አያቶች ለስንት ዘመን ቁስል ላይ ሲነሰንሱት የኖሩትን! ደግነቱ ሕንዶች የዋዛ ሕዝብ አይደሉም፤ የሳይንስ ምክር ቤታቸው ጥንታዊ የሳንስክሪት ጽሑፍ ሳይቀር በማስረጃነት አቅርቦ ተሟገተና እ.ኤ.አ. በ1997 መብቱ ተሰረዘ። ሕንዶች ጽፈው አስቀምጠው ነበራ! እኛ ዘንድ ባለመድኃኒቱ ያወቀውን ለልጁም ሳይነግር ነበር የሚሞት። ምሥጢር የሚጠበቅበት፣ የተከበረ ሙያ ነበር። ስንቱ ዕውቀት አብሮ ተቀበረ፤ ይኼም የዘመኑ ጥፋት ነው።

ኮረሪማ ግን የራሳችን ነው። ማንም አላመጣልንም። ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች፣ ጋሞና ጎፋ፣ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ደኑ ካልኖረ እሱም አይኖርም። ድሮ ሲራራ ነጋዴው በአጋሰስ ጭኖ አባይን ያሻግረውና ጎጃም ባሶ ገበያ ያወጣው ነበር፤ ከዚያም እስከ ምጽዋ ይወርዳል። እናቴ ዘንድ ሲደርስ በክር እንደ መቁጠሪያ ተሰክቶ ነው፤ ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች፤ ጢስ እየጠጣ ይከርማል። አንዱን በጥሰህ ቅርፊቱን ስትፈለቅቅ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቁ ፍሬዎች በስስ ሽፋን ተጣብቀው ተሰብስበው ታገኛለህ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አይሸትህም። ጥርስህ ሲያገኘው ግን መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ ይሞቃል፣ ከዚያ አፍንጫህን ይከፍታል። ቡና ላይ ሲጣል፣ ክትፎው ሚጥሚጣ ውስጥ ሲገባ፣ የከበደ ሆድ ያቀላል። ያንሰን የሚባል የሆላንድ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ቅመማ ቅመምና የመድኃኒት ዕፀዋት እ.ኤ.አ. በ1981 ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ፤ ዛሬ የኮረሪማ የሳይንስ ስም ጫፍ ላይ የሱ ስም ተለጥፏል። የእናቴ ስም የትም የለም። ስንት ኪሎ ወቅጣለች!

አሁን ኮረሪማም ተፈጭቶ በፕላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? በርበሬ ከሸክላ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ተያዘ ሲባል ያልሰማ የለም። ባንግላዴሽማ ብሶ፣ ነጋዴዎች እርዱ ደመቅ እንዲል እርሳስ ያለበት ቢጫ ቀለም ሲቀቡት እንደኖሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 አጋለጡ። እርሳስ የልጅ አእምሮ የሚበላ መርዝ ነው። ለዚህ እኮ ነው ድፍኑን ገዝቶ ቤት ማስወቀጥ ያለ! ለምራቴ ይኼን ስነግራት «እሺ አባባ፣ እርሶ ይወቅጡልናል?» አለችኝ። አያችሁ ንቀት?

ሄልን አልወደውም። ለምን ቢሉ የእኛ አይደለም። የጅዳና የዱባይ ተመላሽ ልጆች በየሻንጣቸው እያመጡ አረቦቹ ቡናቸው ውስጥ እንደሚጨምሩት እዚህም ሻዩን ሁሉ ሄል ሄል አሰኙት። አገሩም ሕንድ ነው ስንል ለካስ ብዙውን ለዓለም የሚያቀርበው ጓቲማላ ነው! ጓቲማላ የት ነው? የእህቴ ልጅ ያመጣችልኝ ግን ይለያል፤ አረንጓዴ፣ ትኩስ። አንዳንዴ ብቻ ነው የምጨምረው፤ ጠዋትና ማታ።

ዝንጅብሉ ራሱ አንሷል። ድሮ የመዳፍ ያህል ነበር። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ አጠውልግ የሚባል በሽታ መጥቶ የወላይታን፣ የከምባታንና የዳውሮን ማሳ ጠራርጎ በላው። ባክቴሪያ ነው፤ ከአፈሩና ከዘሩ ጋር ይዛመታል፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ተክሉ ባንዴ ይዝላል፣ ከሥር ያለው ይበሰብሳል። ዝንጅብል ሸጦ ልጅ ያስተማረ ገበሬ ባዶ እጁን ቀረ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። የሌላውን ሆድ ሲያክም የኖረ ተክል ሲታመም መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ንጹሕ ዘር መፈለግና ማሳ መቀያየር ነው ያለው።

ኮሮና የመጣ ጊዜ ደግሞ ትዝ ይላችኋል? መጋቢት 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የተገኘው ሰው ወሬ ሳይበርድ ከተሜው ሁሉ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ፍለጋ ወጣ። ዋጋው ጣራ ነካ። ሲስቁብኝ የነበሩት ሁሉ ማሰሮ ጥደው በእንፋሎቱ ታጠኑ። የጤና ሰዎች «ይኼ ኮሮናን አያድንም» ቢሉ ማን ይስማ! እኔ ጠዋት ማታ ጠጥቼ ኮሮና ደጃፌን አልረገጠም። ወሩን ሙሉ ስስልና የምበላው ጣዕሙ ጠፍቶብኝ የከረምኩት ምች ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን የሐኪሟ ነገር ነው። የልጅ ልጄን የምታህል ልጅ፣ አንገቷ ላይ ማዳመጫ ያንጠለጠለች። ባለፈው ዓመት ልቤን አዩና ደም ማቅጠኛ አዘውልኝ ነበር፤ ለክትትል ሄድኩ። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ አባቴ?» አለችኝ። «ምንም የለም» አልኩ። የደም ምርመራውን አይታ ግንባሯን ቋጠረች። «ቅጠላ ቅጠል? ሥራ ሥር?» «ኧረ እኔ ምኔ ሞኝ ነው!» አልኩ። ይኼ የልጅ ልጄ አፉ አያርፍም፣ አጠገቤ ቆሞ «ዝንጅብል በቀን አራት ጊዜ፤ እርድ ደግሞ በክኒን» አላለም? ደነገጠች። ወጥ ውስጥ ያለው ችግር የለውም፤ ይኼ ሁሉ ከደም ማቅጠኛ ጋር ግን ደም እንዳይረጋ ሊያደርግ፣ ሊያደማ ይችላል፤ ለምን አልነገሩኝም አለችኝ። ምኑን ልንገራት? የጠየቀችኝ ስለ መድኃኒት ነው! ዝንጅብል ምግብ ነው። ከመቼ ወዲህ ነው ምግብ መድኃኒት የሆነው? እነዚህ ልጆች ሁሉን ነገር መድኃኒት አድርገው ቁጭ! ደግሞ ጨጓራዎን እያቃጠለዎት ያለው እሱ ነው ትለኛለች። ጨጓራዬን ያቃጠለኝ የኑሮ ውድነት ነው። የሰጠችኝን የጨጓራ ክኒን በዝንጅብል ሻይ ሳወራርደው ወዲያው ነው የሚሻለኝ።

የእርዱን ክኒን የምትልክልኝ ቨርጂኒያ ያለችው ልጄ ነች። ስንት ዘመን እርድ ሲወቀጥበት የኖረ ቤት፣ እርድ ከአሜሪካ በአውሮፕላን ይመጣለታል፤ እሷ ደግሞ ኮረሪማ ላክልኝ ትላለች። ትናንት ደውላ «ሐኪሟ አቁሙ ብላለች አሉ፤ ከእንግዲህ አልልክም» አለችኝ። ማን ነገረሽ ብላት ዝም። ቤቱ በሰላይ ተሞልቷል ወገኖቼ። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ወደዚያ የሚሻገር ካለ ለልጄ ይኼን ያድርስልኝ፦ ኮረሪማው በክር የተሰካ ነው፣ እንዳይፈታ፤ በርበሬውና ሽሮው ለየብቻ ታስሯል። ስትመለሱ ትልቁን ጠርሙስ ተቀበሏት፤ ቁንዶ በርበሬ የተጨመረበትን፣ ትንሹ አይረባም። ኪሎ ሞላ የምትል ከሆነ ጫማዎቹን ትተው። ለእኔ ነው አትበሏት፤ ለጎረቤት ነው በሏት።